ከመካነ ሰላም አዲስ አበባ፣ አርባ አምስት ደቂቃ

ያኔ ጥቅምት ሲብት ነበር የሚያምረው። ክረምቱን ሙሉ ውኃ ጠጥቶ የሰነበተው ሜዳ ይጠነክራል፤ ወገብ የደረሰውን ሣር የመካነ ሰላም ሰው በደቦ ወጥቶ ያጭደዋል። የእርጥብ ሣር ሽታ፣ ጠዋት ጠዋት ጆሮ የሚቆነጥጥ ብርድ፣ ከሰዓት በኋላ ከዓባይ ቆላ ሽቅብ የሚመጣ ለብ ያለ ነፋስ፣ ሁሉም ባንድ ላይ ሆኖ ሰውን እንዲያው ያለ ምክንያት ደስ ደስ ያሰኘዋል። ሌላው ሰው አጨዳውን የሚወደው ለከብቱ ብሎ ነው። ዝናሽ ግን ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የምትወደው በሌላ ምክንያት ነበር። ሣሩ ታጨደ ማለት አውሮፕላን ሊመጣ ነው ማለት ነው።

አባቷ አራጌ የአውሮፕላን ሜዳው ጠባቂ ነበር። ሥራው ሲናገሩት ቀላል ነው። አውሮፕላን በሚመጣበት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ከሜዳው ላይ ከብት ያባርራል፤ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ የሚያሳየውን የጨርቅ ከረጢት እንጨት ላይ ይሰቅላል፤ ጨርቁ ካልታየ ብሎ ደግሞ በሜዳው ጥግ እርጥብ ሣር እያነደደ ያጨሳል። በቆርቆሮዋ ቤት ውስጥ አንድ ጸሐፊ ሬዲዮ ይዞ ይቀመጣል። አዲስ አበባ «ተነሥቷል» ያለው እንደሆነ ጸሐፊው ብቅ ብሎ «አራጌ! ተነሣ!» ብሎ ይጮኻል። ይኼኔ ዝናሽ ገንቦዋን አዝላ ወደ ምንጩ ትወርዳለች።

ይህን ያስለመዳት አባቷ ነው። «ውኃሽን ቀድተሽ ስትመለሺ ይደርሳል» አላት፤ እውነትም ይደርሳል። ቁልቁለቱን ወርዳ፣ ወረፋ ጠብቃ፣ ቀድታ፣ ዳገቱን ወጥታ ገንቦዋን ስታወርድ ያ ድምፅ ከደቡብ በኩል ይሰማል። አንድ ቀን ምንጩ ላይ ከእኩዮቿ ጋር ጨዋታ ይዛ ስትዘገይ ቀደማት። ገና ዳገቱ ላይ ሳለች በአናቷ በኩል አልፎ ሜዳው ላይ ዐረፈ። አባቷ ከሩቅ ሆኖ ሳቀባት።

«አይ የኔ ልጅ! አዲስ አበባ ቀደመሽ?»

«አባ፣ አዲስ አበባ ምን ያህል ይርቃል?»

«በእግር ከሆነ አሥር ቀን። በበቅሎ ከሆነ ስምንት። በሱ ከሆነ አርባ አምስት ደቂቃ።»

«ደቂቃ ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ? ጸሐፊው ነው የሚለው። ብቻ ትንሽ ነገር መሆን አለበት።»

እንግዲህ በዝናሽ ልብ አዲስ አበባ ከምንጩ እልፍ ብሎ ያለ አገር ሆኖ ቀረ። አልተሳፈረችበትም። የሚሳፈሩት ሹማምንት ናቸው፤ ነጋዴ ነው፤ አንዳንዴ በቃሬዛ የመጣ በሽተኛ ነው። «መቼ ነው የምሳፈረው?» ስትለው «ስታድጊ» ይላታል። ስታድግ ደግሞ ለባል ሰጣት። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ በበቅሎ አጅባር ድረስ ተወሰደች። እሷ ከሄደች በኋላ ጦርነቱ እየቀረበ ሲመጣ አውሮፕላኑ አንድ ቅዳሜ ሳይመጣ ቀረ፤ በማክሰኞውም አልመጣም። አራጌ ሁለት ክረምት ሙሉ ሣሩን አሳጭዶ ጠበቀ አሉ። ከዚያ ከብቱን ማባረሩን ተወው። ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

አጅባር ብርዱ ሌላ ነው፤ ሰው አንገቱን ከጋቢው አያወጣም። ባሏ ዋለ እህል ነጋዴ ነበር፤ ደግ ሰው፣ ቃሉ ጥቂት። ከወለደቻቸው ልጆች አድጋ የተረፈችላት እሌኒ ብቻ ናት። ለሌላው ልጅ የጦጣና የቀበሮ ተረት ሲነገረው ለእሌኒ የሚነገራት ስለ አውሮፕላኑ ነበር፤ ጢሱ፣ ከረጢቱ፣ የጸሐፊው ጩኸት፣ ሲያርፍ የሚያነሣው ነፋስ ሴቶቹን ነጠላ ሲያስጥላቸው። ዝናሽ ስታወራ «ነበር» ማለት አይሆንላትም። «ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል» ነው የምትለው። ልጅቱም «አንድ ቀን ወስደሽ አሳይኝ» ትላታለች። «እወስድሻለሁ» ትላታለች። ሳትወስዳት ቀረች። አጅባርና መካነ ሰላም በመኪና አንድ ቀን ነው፤ ግን የሰው ልጅ ኑሮ አንድ ቀን እንኳ መች ይሰጣል?

እሌኒ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ቤሩት ሄደች። በሁለተኛው ዓመት ዋለ ዐረፈ። ዝናሽ ብቻዋን ስትቀር ዕቃዋን ጭና ወደ አባቷ ቤት፣ ወደ መካነ ሰላም ተመለሰች። ቤቱ እንደ ድሮው ሜዳው ዳር ነው። ሜዳውን ሰው ዛሬም «አውሮፕላን ሜዳ» ይለዋል፤ ከብት ይውልበታል፤ ኳስ ይጫወቱበታል፤ ሞተር ሳይክል የሚለማመድ ይለማመድበታል። የቆርቆሮዋ ቤት በሯ የለም።

ከተመለሰች በኋላ እሌኒ መጀመሪያ የደወለችላት ቀን እንዲህ ሆነ። ልጅቱ አለቀሰች። «አጅባር ሳለሽ ቢያንስ የት እንዳለሽ አውቃለሁ፤ ቤቱን አውቀዋለሁ፤ አሁን ደግሞ ወደማላውቀው አገር ራቅሽብኝ» አለች። እናት ምን ትበል? ልጇን የምታባብልበት ሌላ ነገር በእጇ አልነበረም።

«ኧረ ቀረብሁሽ እንጂ! እዚህ እኮ አይሮፕላን አለ። አውሮፕላን ሜዳው በራፌ ላይ ነው። ነይ ካልሽኝ አዲስ አበባ አርባ አምስት ደቂቃ ነው።»

እሌኒ በልቅሶዋ መሀል ሳቀች። ያች ሳቅ ናት ዝናሽን ያሳሳተቻት። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ በከፋት ቁጥር፣ ማዳሟ በተቆጣቻት ቁጥር፣ የበዓል ቀን ብቻዋን ወጥ ቤት በዋለች ቁጥር እናቷ ያችኑ ትመዝዝላታለች። «ምን ራቀሽ? አርባ አምስት ደቂቃ።» ውሸት ነው ብላ አላሰበችውም። ሜዳው አለ፤ ሰማዩም አለ። ዐሥር ዓመት እንዲህ አለፈ።

ባለፈው ሐምሌ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ምስክር ስልኳን ይዛ ከክፍሏ እየሮጠች መጣች። ምስክር በዝናሽ ግቢ ተከራይታ የምትኖር አስተማሪ ናት፤ እሌኒ ፊቷን እያሳየች መነጋገር ስትፈልግ የምትደውለው በእሷ ስልክ ነው።

«እማ! ስሚኝ፣ ጊዜ የለኝም» አለች እሌኒ። «ማዳምና ባሏ ሱቃቸውን ይዘው አፍሪካ ውስጥ አቢጃን የሚባል አገር ሊገቡ ነው። እኔንም በሦስት ዓመት ውል ይወስዱኛል። የምናልፈው በአዲስ አበባ ነው!»

«በአዲስ አበባ? መቼ?»

«ነገ ማታ እንነሣለን፤ ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ቦሌ ነኝ። ወደ አቢጃን የሚሄደው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው የሚነሣው። ማዳምን ለመንኋት። አትወጪም ብላኝ ነበር፤ ሻንጣ ማን ይጠብቃል ብላ። ከዚያ የእናቴ ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ አለው አልኋት። አላመነችኝም፤ በስልክሽ ፈልጊ አልኋት፤ አገኘችው! እይው፣ ለምስክር ልኬዋለሁ። መካነ ሰላም፣ አዲስ አበባ፣ አርባ አምስት ደቂቃ። አንቺ እንዳልሽው! ማዳም ይህን ያህል ቅርብ ከሆነስ ትምጣ አለች። እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ውጪ፣ እንግዳ መቀበያው በር ላይ እንድቆም ፈቅዳልኛለች። ከሦስት ሰዓት በኋላ የለም። እማ፣ ትመጫለሽ አይደል? ዐሥራ ሁለት ዓመት እኮ ነው።»

ዝናሽ የልጇን ፊት አየችው። ጉንጯ ሞልቷል፤ ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል። እውነቱን ልትነግራት አፏን ከፈተች።

«እመጣለሁ» አለች።

ስልኩ ሲዘጋ ምስክር ቆማ ቀረች።

«እትዬ ዝናሽ፣ ምነው? አይሮፕላን የለም አይሏትም?»

«አንቺስ፣ ስልኩ አለ ይላል አይደለም እንዴ? ስልክ ይዋሻል?»

ምስክር የተላከላትን ምስል አሳየቻት። ሁለት ነጥቦች አሉ፤ አንዱ መካነ ሰላም ላይ፣ አንዱ አዲስ አበባ ላይ፤ በመሀላቸው ቀጥ ያለ መስመር። ከሥሩ «መቶ ዘጠና አምስት ኪሎ ሜትር» ይላል፤ «አርባ አምስት ደቂቃ» ይላል።

«አልዋሸም» አለች ምስክር። «ከዚህ ሜዳ እስከዚያ ሜዳ ያለውን አየር ለክቶ ነው ይህን ያህል ነው የሚለው። የሚበር ይኑር አይኑር አይጠይቅም።»

«ካልጠየቀማ እኔን ነው የሚመስለው» አለችና ዝናሽ መቀነቷን አጠበቀች። «በይ ንገሪኝ፤ በመሬት ረቡዕ ሦስት ሰዓት ይደረሳል?»

ቁጭ ብለው አሰቡት። ማክሰኞ ሳይነጋ ከተነሡ፣ መንገዱ ካልጨቀየ፣ ማታ ደሴ ይገባል። ከደሴ አዲስ አበባ ደግሞ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ነው፤ አይሆንም። ግን ከደሴ በታች ኮምቦልቻ አለ። ከኮምቦልቻ እውነተኛ አውሮፕላን ይነሣል። ምስክር በስልኳ አየችና ረቡዕ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ የሚነሣ አለ አለች፤ ቦሌ የሚደርሰው ለሦስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ።

«ሃያ ደቂቃ ይተርፈኛል» አለች ዝናሽ። በዚያን ጊዜ ደቂቃ ምን እንደሆነ አውቃው ነበር።

ማክሰኞ ዐሥር ሰዓት ሌሊት የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሳይደወል መናኸሪያው ቆማለች። ለእሌኒ ብላ በሶ በጨርቅ ቋጥራለች፤ መታወቂያዋን በፕላስቲክ ጠቅልላ ጡቷ ሥር አስገብታለች። የደሴው ሚኒባስ ሹፌር አህመድ አየት አደረጋት።

«እመዬ፣ ምን አስነሣዎት? ደሴ ሠርግ አለ እንዴ?»

«ቦሌ ነኝ።»

«ቦሌ! ማሻ አላህ። በኔ ቅራቅንቦ ቦሌ ተደርሶ ያውቃል?»

ነገሩን ስትነግረው ቀልዱን ዋጠው። «አብሽሩ» አለ። «ግቡ፣ ከፊት ይቀመጡ።» ያን ቀን አህመድ መንገድ ላይ ለማንም አልቆመም። አቀስታ ሲደርሱ አንዲት ሴት አራት ጆንያ ድንች ደርድራ እጇን ብታወዛውዝ በመስኮት አንገቱን አወጣ፤ «እትአባ፣ ዛሬ ጆንያ አልጭንም! ዛሬ አምቡላንስ ነኝ!» አላት። «በሽተኛው የታለ?» ብላ ጮኸች። «ሁላችንም!» አላት።

ከአቀስታ እልፍ ብሎ ግን መንገዱን ጭቃ በልቶት ነበር። መኪናዋ እስከ ሆዷ ገባች። ሰው ሁሉ ወርዶ ገፋ፤ ዝናሽም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ገፋች። አንድ ሽማግሌ «አንቺ ሴትዮ፣ ተቀመጪ፣ ወገብሽ ይቀነጠሳል!» ቢሏት «ይቀንጠስ፤ ወገብ ለመቼ ነው!» አለቻቸው። ሁለት ሰዓት ያህል እዚያ ጠፋ። ቢሆንም ደሴ ትኬት ቢሮው ሳይዘጋ ደረሱ። አህመድ መኪናውን መንገድ ላይ ጥሎ ይዟት ገባ።

«ደርሶ መልስ ነው እናቴ?» አለች ትኬት ቆራጯ።

«መሄዱን ስጪኝ። መመለሱን እግዜር ያውቃል።»

ያን ሌሊት ከአህመድ እናት ቤት ዐደረች፤ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ አህመድ ራሱ በዚያችው ሚኒባስ ኮምቦልቻ አወረዳት። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጫማዋን አስወልቀው ፈትሸው ካስገቧት በኋላ ስልኳ ጮኸ። እሌኒ ነበረች፤ ከአንድ የታክሲ ሾፌር ስልክ ለምና።

«እማ! ወጣሁ! በሩ ላይ ነኝ። የአገሬን አየር ሳብሁት! አንቺስ፣ ተነሣሽ?»

«ልነሣ ነው ልጄ። ተቀምጬ እየጠበቅሁ ነው።»

«ምን ለብሰሻል? እንዳላልፍሽ።»

«የሐበሻ ቀሚስ። ጫፉ ጭቃ ነው።»

«ሃ! አይሮፕላን ሜዳው ጭቃ ነው እንዴ? በይ ቶሎ ነይ።»

ከዚያ ጉሙ ወረደ። ከተራራው ላይ ቁልቁል እየተንከባለለ መጣና ሜዳውን ሸፈነው፤ የቆመው አውሮፕላን እንኳ ጭራው ብቻ ቀረ። አንድ የማረፊያው ሠራተኛ መጥቶ «አየሩ እስኪገለጥ እንጠብቃለን» አለ። ዝናሽ ተነሥታ መስታወቱ ጋ ሄደች። ሀገሩ ሁሉ ጭጋግ ነው። ማንን ትቆጣ? ጉም አይቆጡት። «አባቴ ቢሆን እኮ ጢስ ያጨስለት ነበር» አለች አጠገቧ ለቆመ ሰው። ሰውየው ያልገባውን ነገር አክብሮ ራሱን ነቀነቀላት። ሁለት ሰዓት ሆነ። ሁለት ተኩል ሆነ። ስልኳ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ ሁለቱንም ጊዜ «ልንነሣ ነው» አለች። ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ጉሙ እንደ መጋረጃ ተገለጠና ተሳፈሩ።

እንግዲህ ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ በዕድሜዋ የመጀመሪያው ነው። መስኮት በኩል ደረሳት። ሲነሣ ዓይኗን ጨፈነች፤ ስትከፍት ከሥሯ ያለው ሁሉ የተነደፈ ጥጥ ሆኗል። አገሯን ከላይ አያለሁ ብላ ነበር፤ አላየችም። የገረማት ግን ሌላ ነገር ነው። ከታች ሆና ስታየው ያ ነገር እንደ ጭልፊት ነበር የሚወረወረው፤ ከውስጥ ግን የቆመ መሰላት። ፈራች።

«የኔ ልጅ» አለች ወደ ጎረቤቷ ዞራ፣ «ቆመ እንዴ?»

«አይ እናቴ፣ በጣም እየበረረ ነው።»

«ቢበርማ አንድ ነገር ወደ ኋላ ሲቀር አይ ነበር። ምንም የሚቀር የለም እኮ። ስንት ቀረን?»

«ሃያ ደቂቃ።»

«ሰዓቱስ ስንት ሆነ?»

«ሦስት ከሃያ።»

ዝናሽ በሶውን ደረቷ ላይ ታቅፋ ውጪ ውጪውን አየች። ሦስት ሰዓት ደመናው ላይ ሳለች አልፏል።

ቦሌ ስትወርድ አራት ሰዓት ሊሆን ሩብ ያህል ጉዳይ ነበር። እየጠየቀች፣ እየሮጠች፣ የሀገር ውስጡን በር ወጥታ የውጭ አገሩ እንግዳ መቀበያ ደረሰች። በሩ ላይ ሰው ሞልቷል፤ እሌኒ የለችም። የእያንዳንዷን ልጅ ፊት አየች። ወደ መሳፈሪያው በር ስትሄድ አንዲት ጥበቃ እጇን ዘረጋች።

«ትኬት፣ እማማ? ፓስፖርት?»

«ልጄ ውስጥ ናት። ልያት ብቻ።»

«የማይሳፈር አይገባም።»

«ልጄ ካለችበት እስከዚህ ስንት ደቂቃ ነው?»

ጥበቃዋ አሰበች። «በእግር ከሆነ አምስት ደቂቃ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ወረቀት ከሌለ ግን አይደረስም፣ እናቴ» አለቻት።

ስልኩ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው፤ እሌኒ ከአንዲት ተሳፋሪ ለምና ነው።

«እማ፣ የት ነሽ?»

«እዚሁ ነኝ! በሩ ላይ ነኝ!»

«ወይኔ! እስከ ሦስት ከሩብ ለመንኋት፣ ቆምሁ። ከዚያ እጄን ይዛ አስገባችኝ። በሩ ተዘጋ፣ እማ፣ ተዘጋ። አሁን ተሰልፈን ነው። ለምን ዘገየሽ? ከመካነ ሰላም አርባ አምስት ደቂቃ አይደል? ጉም ነበረ? ምን ነበረ?»

ይህን ጊዜ ዝናሽ ግድግዳውን ተደገፈች።

«የኔ እናት፣ ከመካነ ሰላም አይሮፕላን የለም።»

«ዛሬ ነው የሌለው?»

«ከመወለድሽ በፊት ነው የቀረው። ሜዳው ላይ ከብት ነው ያለው። እኔ ትናንት ሌሊት ነው በመኪና የተነሣሁት፤ ከኮምቦልቻ ነው በአይሮፕላን የመጣሁት።»



«ታዲያ ለምን አልሽኝ?» አለች እሌኒ። ድምፅዋ የልጅ ድምፅ ሆነ። «ብትነግሪኝ ኖሮ ማዳምን ሌላ ነገር እላት ነበር። ከሳምንት በፊት እደውልልሽ ነበር፤ ሰኞን የጠበቅሁት ቅርብ ነሽ ብዬ ነው። ቅርብ ነች፣ ምን ያስቸኩላታል ብዬ።»

«አውቃለሁ።»

«ዐሥር ዓመት ሙሉ እማ!»

«እንድትቀርቢኝ ብዬ ነው። አንቺ ስትስቂ ጊዜ እኔም አመንሁት።»

እሌኒ አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ በልቅሶው መሀል፣ እንደ ድሮዋ፣ ሳቀች። «ጭቃው! ቀሚሴ ጭቃ ነው ስትይኝ...» አለች። ከዚያ አንዲት ሴት በባዕድ ቋንቋ ስትቆጣ ተሰማ። «ስልኩን ልመልስ ነው። እማ፣ በሩን በእጅሽ ንኪው። እኔም ከዚህ በኩል ያለውን እነካለሁ» አለች። ስልኩ ተዘጋ።

ዝናሽ በሩን በመዳፏ ነካችው። ቀዝቃዛ ነበር። ጥበቃዋ ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች። ዝናሽም በሶውን ሰጠቻት፤ «ብይው፤ ለልጅ የተፈጨ ነው» አለች። ወጥታ ሰማዩ በሚታይበት ቦታ አጥር ሥር ተቀመጠች። ከአራት ሰዓት ተኩል በኋላ ሦስት አውሮፕላኖች ተከታትለው ተነሡ። የልጇ የትኛው እንደሆነ ስላላወቀች ሦስቱንም ሸኘቻቸው።

በሦስተኛው ቀን በአውቶቡስ ኮምቦልቻ ወረደች። አህመድ ከምስክር ወሬ ሰምቶ መናኸሪያው ድረስ መጥቶ ጠበቃት፤ ፊቷን አይቶ አልጠየቃትም።

«ይግቡ እመዬ፣ ወደ አገራችን እንሂድ። ዛሬ ጭቃው ደርቋል።»

«አልሄድም» አለችው።

«እንዴት አይሄዱም? ቤትዎስ?»

«ቤቱን ምስክር ትኑርበት። አሁን ልጄ የምታድረው አቢጃን በሚሉት አገር ነው፤ የሦስት ዓመት ውል ነው አለችኝ። ስትመለስ በአዲስ አበባ ታልፋለች። በዚያን ጊዜ አቀስታ ላይ ጭቃ አልገፋም። ከዚህ አልነቃነቅም፤ ክፍል ፈልግልኝ።»

«እመዬ፣ ሦስት ዓመት እዚህ ተቀምጠው? ሰው የለዎት፣ ዘመድ የለዎት...»

«አንተ አለህ። ስታልፍ ትጠይቀኛለህ።»

አህመድ ራሱን አከከ። «ወላሂ» አለ፣ «የሸዋና የወሎ ሰው ስንቱን አመላልሻለሁ፤ አይሮፕላን ለመጠበቅ ቤቱን የለቀቀ ሰው ዛሬ አየሁ።» እያጉረመረመ ሄዶ ክፍል አገኘላት። ዕቃዋን፣ አልጋዋንና ሁለት ድስቷን፣ ከመካነ ሰላም በሚቀጥለው ሳምንት አመጣላት፤ ሂሳብ ብትለው አልተቀበለም።

እሌኒ ከአቢጃን በወር አንዴ ትደውላለች። መጀመሪያ የደወለች ጊዜ «የት ነሽ?» አለቻት። ዝናሽ በነገሩ አስባበት ነበር።

«ኮምቦልቻ ነኝ» አለች። «አውሮፕላን ማረፊያው በእግር ሩብ ሰዓት ነው፤ ሄጄ ለክቼዋለሁ። ከዚያ ቦሌ ከአንድ ሰዓት ያንሳል። ጉም ካለ ግን አይታወቅም። በቀን አንድ ነው የሚነሣው፤ አንዳንድ ቀን አይነሣም። ከሳምንት በፊት ንገሪኝ።»

«ሁሉንም ነገርሽኝ?»

«ሁሉንም።»

«ሩቅ ነው እኮ» አለች እሌኒ። «አዎ ሩቅ ነው» አለች እናቷ። ይህን ቃል ለልጇ ስትላት የመጀመሪያዋ ነበር።

ሰዎች መካነ ሰላም ላይ ስለ ዝናሽ ሲያነሡ አንዳንዱ አበደች ይላል፤ አንዳንዱ ልጇ አቢጃን ወሰደቻት ይላል። ሁለቱም ልክ አይደለም። በዚህ ዓመት በጥር ወር አህመድ ሲያልፍ አይቷታል። ኮምቦልቻ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ ባለች የኪራይ ክፍል ውስጥ ናት፤ በራፏ ላይ ቆሎ ትሸጣለች።